«ሁለት መስመር ጽሑፍ ነው፤ እጅህን አይቆርጠውም»

ሰላም እትዬ፣

የምጽፍልዎት እዚሁ ከጅማ ነው። 36 ዓመቴ ነው፤ ባለትዳርና የአንዲት ልጅ አባት ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ወታደር ነበርኩ። ብዙውን ጊዜ ያሳለፍኩት መሣሪያ ጥገና ውስጥ ነው። በሰላም ተሰናብቼ ስመለስ ትንሽ ብየዳ ቤት ከፈትኩ። በር፣ መስኮት፣ የባጃጅ ሻንሲ፣ የመጣውን እሠራለሁ። የሚሊሻዎቹ መሣሪያ ሲበላሽም የሚጠሩት እኔን ነው። ክላሽ ፈታቶ የሚገጥም ሞልቷል። ምን እንደነካው አውቆ የሚያስተካክል ግን በእኛ አካባቢ ከእኔ ሌላ አንድ ሽማግሌ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ዓይናቸው ደክሟል። ባለፈው ወር አንዱ ክላሽ መርፌው፣ ጥይቱን የሚመታው ማለቴ ነው፣ ተሰብሮ መጣ። ስፈታው መርፌው ቦታ ላይ ሚስማር ተቀርቅሮበታል። ሚስማር! የሆነ ሰው ጠገንኩ ብሎ ብር ተቀብሎበታል።

እንደሚያውቁት ጊዜው የጦርነት ነው። ለሚሊሻ የሚዘምቱት ስም ዝርዝር ሲወጣ የእኔም ስም ነበረበት። ሻንጣዬን ይዤ ቀረብኩ። ኃላፊው አየኝና «አንተ አትሄድም፣ እዚሁ ሆነህ ትጠግናለህ» አለኝ። ባለቤቴ እልል አለች። እኔ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀና ብዬ መሄድ አቃተኝ። የጎረቤታችን የእማማ ልጅ ከእኔ ጋር ነው ስሙ የተጠራው፤ እሱ ሄደ። እማማ ድሮ ቡና ጠጣ ሳይሉኝ አያሳልፉኝም ነበር። አሁን በር ላይ ሲያዩኝ ወደ ውስጥ ይገባሉ። እድር ላይ ደግሞ አንዱ «የእኛ ጀግና ክላሹን ዘይት እያጠጣ ይዋጋል» ብሎ ሰው ሁሉ ሳቀ።

ይኼን እንኳን እችለዋለሁ። የባሰው ሌላ ነው። አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደጉን አጎታችን ናቸው። አሁን የታናሽ ወንድሜ ስም በሚቀጥለው ዙር እንዳለ ተሰማ። 22 ዓመቱ ነው፣ ባጃጅ ይነዳል። ኃላፊው «የሚያግዙህ ባለሙያዎች ካሉ ስማቸውን ጽፈህ እስከ ሰኞ አምጣ፣ እነሱም ይቀራሉ» ብሎኛል። አጎቴ ይኼን ሲሰሙ «ወንድምህን ረዳቴ ነው ብለህ ጻፈው» አሉኝ። ወንድሜ መፍቻ የሚይዘው ጎማ ሲቀይር ብቻ ነው። ይኼን ብነግራቸው «ሁለት መስመር ጽሑፍ ነው፤ እጅህን አይቆርጠውም» አሉኝ። እናቴ ምንም አትልም። ዝም ብላ ታየኛለች፣ እሱ ይብሳል።

አንዳንዴ ሁሉንም ትቼ ራሴ ዘምቼ ልገላገል እላለሁ። ምን ይሉኛል?

እጁን ዘይት የማይለቀው

ወንድሜ፣

ደብዳቤህ የደረሰኝ ረቡዕ ማታ ነው። ሰኞ ቅርብ ናትና ወረፋ አስይዤ አላቆይህም። ተራ ስትጠብቁ የነበራችሁ አትቀየሙኝ።

ሁለት ጉዳይ ተጠላልፎብሃል። አንዱ የአንተ መቅረት ነው፣ ሌላው የወንድምህ። ሰፈር ሲያወራ ሁለቱንም «ቀሩ» ብሎ ነው የሚያልፈው። አንተም ሁለቱን ቀላቅለህ በአንድ እፍረት ልትከፍላቸው የተነሳህ ይመስለኛል። እስቲ ለያይተን እንያቸው።

ከሚስማሯ ልጀምር። ስለሷ የጻፍከውን ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት። አንድ ሰው ያችን ክላሽ አንግቶ ሌሊት ጥበቃ ይቆማል። ተማምኖባታል። ክፉ ነገር ሲመጣ ምላጯን ይስባል፣ እሷ ግን ቀጭ ብላ ዝም ትላለች። ያ ሰው የአንድ እናት ልጅ ነው፤ ማን ያውቃል፣ የእማማ ልጅም ሊሆን ይችል ነበር። ሚስማሯን ነቅለህ ያወጣሃት አንተ ነህ። ያየህ የለም፣ እልል ያለልህም የለም፤ ዘይት የነካው ጨርቅ፣ አንድ ፒንሳ፣ ከላይ የተንጠለጠለ አምፖል፣ በቃ። አንተ ብትሄድ ይኼን ሥራ የሚረከቡት ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ናቸው፣ ከሳቸው ቀጥሎ ደግሞ ያ ባለሚስማር። ኃላፊው «አንተ አትሄድም» ሲልህ ይኼን አስልቶ ነው እንጂ ለአንተ አንጀቱ ተላውሶ አይመስለኝም።

«ፈሪ ነኝ ወይ?» ብለህ አልጠየቅከኝም። ግን ደብዳቤው ውስጥ እዚህም እዚያም ብቅ ይላል።

የአድዋን ክተት አዋጅ ታስታውሰዋለህ? ልጆች ሆነን ሁላችንም በቃላችን ነው የተማርነው። በ1888 ዓ.ም. ምኒልክ አዋጁን ሲያስነግሩ ጉልበት ያለህ በጉልበትህ እርዳኝ፣ ጉልበት የሌለህ በሐዘን እርዳኝ ነው ያሉት። ቁጣው የመጣው «ወስልተህ የቀረህ» ለተባለው ሰው ነው። እኔ ይቺን «ወስልተህ» የምትለዋን ቃል እወዳታለሁ። ወስላታ ሻንጣ አያዘጋጅም፣ ስሙ ሲጠራ አይቀርብም። አንተ ሻንጣህን ይዘህ ቆመህ ነበር። የመለሰህ ሌላ ሰው ነው።

በሰው አገርም ያንተ ዓይነት ሰው ብዙ ተሰቃይቷል። አንደኛው የዓለም ጦርነት በ1914 ሲጀመር (የፈረንጆቹን ነገር በፈረንጆቹ ዘመን ነው የምቆጥርልህ) የእንግሊዝ ባለሙያዎች የያዙትን እየጣሉ በፈቃዳቸው ዘመቱ። የፋብሪካው ማሽን ሰው አጣ። በዓመቱ የመድፍ ጥይት እጥረት አገሩን አናወጠውና መንግሥት የዘመቱትን ሙያተኞች ከጦሩ ውስጥ እየለቀመ ወደ ፋብሪካ ይመልስ ጀመር። እንግዲህ አስበው፣ በፈቃዱ የሄደውን ሰው ና ተመለስ፣ መፍቻህን ያዝ ማለት። በዚያው ሰሞን ደግሞ ሴቶች መንገድ ላይ የወታደር ልብስ ያልለበሰ ወንድ ሲያገኙ ነጭ ላባ ያስጨብጡት ነበር፤ ፈሪ ነህ ማለታቸው ነው። የጦር መሣሪያ ሠራተኞቹ በዚህ ሲሸማቀቁ ደረት ላይ የሚሰካ ባጅ ታደላቸው፣ ይኼ ሰው የጦርነቱ ሥራ ላይ ነው የሚል። የእድርህ ሰውዬ ነጭ ላባውን ነው የሰጠህ። ባጁ ነው የቀረህ፤ ወደሱ እመለሳለሁ።

እንግሊዞቹ ከዚያ ተምረው ለሁለተኛው ጦርነት ገና ሳይጀመር፣ በ1938፣ ከውትድርና የሚቀሩ ሙያዎችን ከነዕድሜያቸው ዘርዝረው አስቀመጡ። አሜሪካኖች ደግሞ ከዚያ በጣም ቀድመው በ1800 በመንግሥት መሣሪያ ፋብሪካ የሚሠራ ሰው ከወታደራዊ ግዴታ ነፃ ነው የሚል ሕግ ነበራቸው። ስለዚህ ያ ኃላፊ አዲስ ነገር አልፈጠረልህም።

ሹፈቱ ግን እዚሁ የበቀለ ነው። ብረት የሚነካ ሰው እኛ አገር ድሮም ይታማል። ማረሻችንንም ጦራችንንም እየሠራልን ጠይብ፣ ቀጥቃጭ፣ እዚህ እኛ ጋ ደግሞ ቱምቱ እያልን ለይተነው ኖረናል። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ ሰው ይቀጣል ብለው አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። መቶ ዓመት አልፎትም እድር ላይ «ዘይት ያጠጣል» ሲባል ሰው ይስቃል። እኔ በአንተ ቦታ ብሆን ለዚያ ሰውዬ መልስ አልሰጥም። መሣሪያው የተበላሸ ቀን ይመጣል።

አሁን ወደ ወንድምህ።

እዚህ ላይ እውነቱን ልንገርህና ከፈለግክ ተቀየመኝ፤ እኔ አትጻፍ ነው የምልህ። ለምን እንደሆነ ደግሞ ከራሴ ቤት ልንገርህ። ብሔራዊ ውትድርና በ1975 ዓ.ም. ሲታወጅ ልጅ ነበርኩ። ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ወንድ ይመለከተዋል ተባለ። ከዚያ በየጊዜው አፈሳ መጣ። እናቴ የታላቅ ወንድሜን ዕድሜ በምልጃም በጉቦም አስቀነሰች። ወንድሜ ቀረ፣ ቤታችን ደስ አለው። ግን ነገሩ ኮታ ነበር። አንድ ስም ሲፋቅ ሌላ ስም ይጻፍበታል። የተጻፈው ከኛ ቤት ሦስት በር አልፎ ያለ፣ አያቱ ያሳደጉት ልጅ ነው። አልተመለሰም። እናቴ እስክትሞት ድረስ በዚያ ቤት በር አልፋ አታውቅም፣ ገበያ ስትሄድ ዞራ ነበር የምትሄደው። እናቴን አልፈርድባትም፣ እኔም እናት ነኝ። የወንድምህ ስም ቢፋቅ በቦታው የሚጻፈውን ልጅ ግን አንተ በስም ታውቀዋለህ፤ ሰፈሩ ትንሽ ነው።

ሌላም አለ። ፈረንሳዮች በዚያው በአንደኛው ጦርነት ከግንባር ወደ ፋብሪካ የተመለሱ ሠራተኞች ነበሯቸው። ወዲያው ሙያ የሌለው ሁሉ ባለሙያ ነኝ እያለ ፋብሪካና ቢሮ ውስጥ ተወሸቀ። ሕዝቡ ተቆጣ። በ1915 ያወጡት ሕግ ሁለት ነገር ይሞክራል፤ በአንድ በኩል እውነተኛውን ሙያተኛ ከግንባር አውጥቶ ወደ ሥራው ማምጣት፣ በሌላ በኩል የተወሸቀውን አውጥቶ መላክ። እንግዲህ አንተ ሁለት ስም አስገብተህ አንዱ ውሸት መሆኑ ቢታወቅ፣ መታወቁ ደግሞ አይቀርም፣ ኃላፊው የወንድምህን ብቻ አይፍቅም። «ለካ ይኼ ሰውዬም…» ይላል። ያኔ ሽማግሌውም ያንተው መቅረትም አብሮ ይጠየቃል።

ደግሞ አንድ ቀን አንተ ሳትኖር ክላሽ ይዘው ይመጣሉ። «ረዳቱ አለ» ብለው ለወንድምህ ይሰጡታል። ምን ሊያደርግ ነው? ሚስማር ይፈልጋላ።

ግን ደብዳቤህን ስደጋግም አንድ ነገር ከነከነኝ። አጎትህ ተናግረዋል፣ ባለቤትህ እልል ብላለች፣ እማማ በራቸውን ዘግተዋል፣ እናትህ እንኳን በዝምታ ተናግረዋል። ወንድምህ አንድ ቃል የለውም። 22 ዓመቱ ነው፣ ባጃጅ ይዞ ጅማን ሲያካልል ይውላል፣ ስለሱ ሁሉም ይመክራል፤ እሱን ግን የጠየቀው አለ? ምናልባት መሄድ ይፈልግ ይሆናል። ምናልባት ሌሊት እንቅልፍ የለውም። ምናልባት አንተ የማታውቀው ጉዳይ አለው፤ የጤና ይሁን፣ የባጃጁ ብድር ይሁን፣ ወይ የሆነች ልጅ ትኖር ይሆናል። ዛሬ ማታ ባጃጁ ላይ ከኋላ ውጣና እስከ ጅሬን ዳገት ድረስ ንዳኝ በለው። አፋችሁ የሚፈታው ፊት ለፊት ስትተያዩ አይደለም፣ እሱ መንገዱን እያየ ነው። «አንተስ ምን ትላለህ?» በለውና ዝም በል። ምክር እንዳትጨምርበት።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ይለያያል። እውነተኛ ምክንያት ካለው፣ ለምሳሌ ታሞ ከሆነ ወይም እናታችሁን የሚጦረው እሱ ከሆነ፣ ያንን ይዛችሁ በግልጽ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። ይኼ ልመናም ውሸትም አይደለም። ሙያውን ከልቡ መማር ከፈለገ ደግሞ አስተምረው፣ ግን ስትጽፍ እንዳለው ጻፍ፤ «ከዚህ ቀን ጀምሮ ልምምድ ይዟል፣ ለብቻው መሣሪያ መጠገን አይችልም» በል። ያስቀሩት አያስቀሩት የእነሱ ውሳኔ ይሆናል፣ ያንተ ፊርማ ግን እውነት ነው። መሄድ እፈልጋለሁ ካለህ… እንግዲህ ከባዱ ይኼ ነው። ያኔ የታላቅ ወንድም ሥራህ የሚይዘውን መሣሪያ በገዛ እጅህ ፈትተህ፣ ጠርገህ፣ እሱንም ፈታቶ መግጠም አስተምረህ መስጠት ይሆናል። ይኼን ስጽፍ ሆዴ ባብቷል፣ አልዋሽህም።

አጎትህ ጋ ቅዳሜ ሂድ። ብቻህን፣ እሑድም ሳትል። ሰኞ ጠዋት በስልክ «አልችልም» ማለት ያሳደገን ሰው ማዋረድ ነው። ቡናው ይፈላ፣ አቦሉን ጠጣ፣ ከዚያ ተናገር። መጀመሪያ ያደረጉላችሁን አንሳ፤ ደብተር ገዝተው፣ ልብስ አልብሰው፣ ምናልባት የራሳቸውን ልጆች አስቀንሰው ነው ያሳደጓችሁ። «ጋሼ፣ እርስዎ ባይኖሩ እኔም ይኼን ሙያ አልይዝም ነበር» በላቸው። ከዚያ ስለ ሚስማሯ ንገራቸው። ካለችህ ይዘህላቸው ሂድ፣ መዳፋቸው ላይ አስቀምጥላቸው። እጅህን አይቆርጠውም ያሉህ ሰው የሌላ ልጅ እጅ እንደሚቆርጥ ሲያዩ ምናልባት ዝም ይላሉ። ምናልባትም ይቆጣሉ። ቢቆጡ አትከራከር፤ «ይቆጡኝ፣ አባቴ ነዎት» ብለህ ተቀመጥ። የአጎትህ ቁጣ ፍርሃት ነው። አንድ ሰው ቀድመው በሞት ተነጥቀዋል፣ ወንድማቸውን ማለቴ ነው፣ አባታችሁን። የሱን ልጅ ደግሞ ለጦርነት መስጠት አደራ መብላት መስሎ ይታያቸው ይሆናል። እሱን ጠይቃቸው፤ «ጋሼ፣ የአባቴ አደራ ነው አይደል የከበደዎት?» በላቸው።

«ራሴ ዘምቼ ልገላገል» ያልከውን ሳልነካ አላልፍም። ከማን ነው የምትገላገለው? ከእማማ በር? ከእናትህ ዓይን? አስበህበት፣ ከባለቤትህ ጋር ተነጋግረህ፣ ሥራውን ለሚችል ሰው አስረክበህ እሄዳለሁ ብትል አልከለክልህም፤ ወታደር ነበርክ፣ ምን እንደሆነ ከኔ በላይ ታውቀዋለህ። ግን ከዓይን ለመሸሽ ከሆነ፣ ጦር ሜዳ ለዚያ የሚሆን ቦታ አይመስለኝም። የሚተካህ ሰው ሳታዘጋጅ ደግሞ እንዳታስበው። ከሰኞ ጀምሮ ሁለት ልጅ ፈልግ፣ እጃቸው ብረት የለመደ፣ ከብየዳ ቤት ወይ ከጋራዥ። ሽማግሌውንም ወንበር ስጣቸውና አጠገብህ አስቀምጣቸው፤ ዓይናቸው ቢደክምም ጆሯቸው ሳይሰማ የሚያልፈው ነገር የለም፣ ቃታው ሲሳብ ድምፁን ሰምተው ሞላው ደክሟል ይሉሃል።

አሁን ወደ ባጁ። በቃል ብቻ ነው ያስቀሩህ። በቃል የቀረ ሰው ነገ ኃላፊው ሲቀየር «ማነው ያስቀረህ?» ይባላል። ሰኞ ስትሄድ በደብዳቤ ጠይቅ፤ የተመደብከው ለምን ሥራ እንደሆነ፣ እስከ መቼ እንደሆነ፣ ለማን እንደምትጠየቅ ይጻፍበት። የጥገና ፈቃድህንም አብረህ አጥራ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያን መጠገን ሳይቀር በፈቃድ ያሰረ ሕግ ነው፤ «ኃላፊው ያውቀኛል» የሚባለው ነገር ፍርድ ቤት አያዋጣም። የሚገባውንና የሚወጣውን መሣሪያ በደብተር መዝግብ፣ ቁጥሩን፣ ያመጣውን፣ የተበላሸውን። እድር ላይ ደግሞ አንተ ራስህን አትከላከል። ኃላፊውን «አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ሁለት ቃል ተናገርልኝ» በለው። ከአንተ አፍ ሲወጣ ማመካኛ ነው፣ ከሱ አፍ ሲወጣ ግን ምደባ ነው።

የቀሩት እማማ ናቸው። እሳቸው ጋ ስትሄድ ስለ ራስህ አንድ ቃል አታንሳ። ለምን እንደቀረህ ማስረዳት አያስፈልግም። ልጃቸው በሌለበት ስለቀረው ልጅ መስማት የሚፈልጉ አይመስለኝም። የቡና ለቀማ ደርሷል። ጓሯቸው ያለውን ቡና ድሮ ልጁ ነበር የሚለቅመው፣ አይደል? እሑድ በጠዋት ቅርጫት ይዘህ ግባ። «እማማ፣ ቡናው መሬት ሳይወርድ» በላቸውና ጀምር። ባለቤትህም ትምጣ። በር ቢዘጉብህ ቅርጫቱን በረንዳው ላይ ትተህ ተመለስ፣ በሚቀጥለው እሑድ ድገመው። ስለ ልጁ ከጠየቅክ ደግሞ አንድ ነገር ጠይቅ፤ «ደወለ ወይ?» ብቻ።

ስለ ወንድምህ ያልኩህ ከቸገረህ ወይ ከጅሬኑ ጉዞ በኋላ ነገሩ ከተቀየረ፣ እሑድ ማታም ቢሆን ጻፍልኝ፣ አነባለሁ። ያን የዋንዛ ነገር ደግሞ ልጠይቅህ ነበር፤ ሰው እንደሚያወራው የተሰበረ ሰደፍ ከዋንዛ እየጠረብክ ትሠራለህ ወይ? የጅማ ሰው ከእንጨት የማያወጣው ነገር የለምና እቤቴ አንድ ባለሦስት እግር በርጩማ አለኝ፣ አንዱ እግሩ ላልቷል።